ቤት ሲቃጠል የሚሰበሰበው ሰው ምን ያድርግ፣ የትስ ይቁም?

የማእዘኑ ቤት

ከአምስት ሳምንት በፊት የምንኖርበት ቤት ተቃጥሎ ነበር። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ሁለቱ ልጆቻችንም በሕይወት ወጥተናል፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ወይም ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሳቱ ሳይሆን የተሰበሰበው ሰው ፊት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከእኔ በተሻለ የምታውቁ ካላችሁ እንድታስረዱኝ ፈልጌ ነው።

ትንሹን ልጄን ታቅፌ፣ ትልቋን እጇን ይዤ በባዶ እግሬ ወደ መንገዱ ስወጣ ፊት ለፊቴ የቆመው ሰው ከስልሳ አያንስም ነበር። የእሳቱ ብርሃን ሁሉንም አቅልቷቸዋል። ብዙዎቹ ስልካቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ፤ የቀሩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ሁለት ክንድ ያህል ርቃኝ የቆመች ሴት ጎኗ ላለችው «ውስጥ ሰው ቀርቶ ይሆን?» ስትል ሰማኋት፤ ያችኛዋም «እኔ እንጃ» አለቻት። ሊመልስላት የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ባለቤቴ በጓሮ በር መውጣቱን ገና አላየሁም ነበርና። ነገር ግን ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ ወደ እኔ ዞር ብሎ የጠየቀኝም አንድ ሰው አልነበረም።

ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ አዛውንት ናቸው። ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዝግ ባለ ድምፅ ይነጋገሩ ነበር። ቤቴ እየነደደ የራሳቸውን ጉዳይ የሚያወሩ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ተቀይሜያቸዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ለምን ቆሞ ያያል? ደግሞስ ዕውቀቱም መሣሪያውም የሌለው መንገደኛ በእውነት ምን ማድረግ ይችል ነበር?

ጡረተኛው እሳት አጥፊ

እኅቴ፣ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ። በእሳት አደጋ ሥራ 27 ዓመት አገልግዬ ነው የወጣሁት። በሁለተኛው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስልዎ።

ቦታው ላይ እንደ ደረስን የምንጠይቀው የመጀመሪያ ነገር «ሰው ሁሉ ወጥቷል?» የሚለው ነው። የዚያች ጥያቄ መልስ ሥራችንን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። ውስጥ ሰው አለ ከተባለ ጢሱ ውስጥ ገብተን በዳበሳ እንፈልጋለን፤ ሁሉም ከወጣ ግን የባልደረቦቼን ሕይወት ለግድግዳና ለጣሪያ ብዬ አደጋ ላይ አልጥልም። ታዲያ ይህን ስንጠይቅ ከሕዝቡ መካከል ሃያ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይመልሳል፤ ግማሹ «አሉ»፣ ግማሹ «የሉም» ይላል። አንድም ሰው ወደ ቤቱ ባለቤት ሄዶ አልጠየቀምና ሁሉም የሚናገረው ከጎኑ ካለው የሰማውን ነው። እርስዎ እንደ ነገሩን፣ እውነቱን የምታውቀው ሴት ሁለት ክንድ ርቃ ቆማ ሳለ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም መንገደኛ ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ከቤቱ የወጣ ሰው ይፈልግ፣ ትከሻውን ይዞ ስንት ሆነው እንደሚኖሩና ስንቱ እንደ ወጣ ይጠይቀው፤ የቀረ ካለ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው በር በኩል እንደ ሆነ ይስማ፤ ከዚያ የእሳት አደጋ መኪናው በሚመጣበት ማእዘን ላይ ቆሞ ይጠብቀን። የጋዝ ሲሊንደሩ የት እንደሚቀመጥ ጨምሮ ከነገረን ደግሞ ለእኛ ብዙ ደቂቃ እንደ ሰጠን ይቆጠራል። ይህን ለማድረግ ዕውቀትም መሣሪያም አያስፈልግም።

ሌላው ጎማው ነው። ባዶ የውኃ ጎማ መሬት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ይረግጠዋል፣ መኪናም ይሄድበታል፤ ውኃ ሲሞላው ግን እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ከታጠፈ ወይም የመኪና እግር ከቆመበት ፍሰቱ ይቆረጣል። አንድ ሌሊት ውስጥ ሆነን ውኃው በድንገት ደከመብን። ጎማውን በእጄ እየዳበስኩ ወደ ውጭ ስከተለው ከበሩ ሠላሳ እርምጃ ርቆ አንዲት ትንሽ መኪና የፊት እግሯን ልክ ጎማው ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ሹፌሩ ወርዶ ጣሪያዋ ላይ ክንዱን አስደግፎ እሳቱን ያያል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስነግረው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው መኪናውን ያነሣው። ነገር ግን ውስጥ ያለው ባልደረባዬ በዚያች ደቂቃ ከነበልባሉ የሚከልለው ሌላ ነገር አልነበረውም፤ እሳት የሚያጠፋው ውኃ ነው፣ አጥፊውንም የሚጠብቀው ያው ውኃ ነው።

የሥነ ልቦና መምህርት

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልሞክር፤ ረዘም ካለብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የማስተምረው ነገር ስለ ሆነ በአጭሩ መተው አልቻልኩም።

ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1968 (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያሳተሙት ሙከራ ከእርስዎ ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረባል። ተማሪዎችን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው መጠይቅ እንዲሞሉ ካደረጓቸው በኋላ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ጢስ ቀስ እያለ እንዲገባ አደረጉ። ለብቻቸው ከተቀመጡት 75 በመቶዎቹ ተነሥተው ወጥተው ተናገሩ። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ሲቀመጡ ግን አንድም ሰው የተናገረው በ38 በመቶው ቡድን ውስጥ ብቻ ነበር። ከተመራማሪዎቹ ጋር የተስማሙና ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው የሚጽፉ ሁለት ሰዎች አጠገቡ ሲቀመጡ ደግሞ የተናገረው ከአሥር ሰው አንዱ ሆነ። የቀሩት ጢሱን በእጃቸው እያባረሩ፣ ዐይናቸውን እያሹ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

እነዚህ ሰዎች ደንታ ቢስ አልነበሩም። ኋላ ሲጠየቁ ጢሱን እንፋሎት ወይም የማቀዝቀዣ አየር መስሏቸው እንደ ነበር ተናግረዋል። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ፊት አይቶ «እሱ ካልደነገጠ አደገኛ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ደመደመ፤ ጎረቤቱም ያንኑ ከእሱ ፊት አነበበ። ሁሉም በሁሉም ፊት ላይ እርጋታ እያየ ሁሉም ውስጡ ይፈራል። በዚያ ላይ ኃላፊነቱ ይከፋፈላል፤ ስልሳ ሰው ባለበት የስልክ ጥሪው ድርሻ ለእያንዳንዱ ስልሳኛ ሆኖ ይሰማዋል፤ «እስካሁን አንዱ ደውሎ ይሆናል» ይላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው ብሂል የሚሠራው እያንዳንዱ ሎሚውን ሲያነሣ ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሌላው ያነሣዋል ብሎ ይተወዋል።

ይሁንና «ሰው በተሰበሰበ ቁጥር የሚረዳ አይገኝም» ተብሎ የሚነገረውን እንዳለ እንዳትቀበሉ። ይህ አስተሳሰብ የተስፋፋው በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ወጣት ስትገደል 38 ጎረቤቶች ዝም ብለው ተመለከቱ ከሚለው የጋዜጣ ዘገባ ተነሥቶ ነው፤ ዘገባው ግን የተጋነነ መሆኑ ኋላ ተረጋግጧል። ሪቻርድ ፊልፖት እና ባልደረቦቹ ደግሞ በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስ እና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በመንገድ ካሜራ የተቀረጹ 219 ጠቦችን መርምረው በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ጣልቃ ገብቶ እንደ ነበር፣ ሰው ሲበዛም የሚረዳ የመገኘቱ ዕድል እንደሚጨምር አሳይተዋል። የመንገድ ጠብ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ በሙከራው ክፍል የገባው ጢስ ግን አጠራጣሪ ነበር። እኔ ከሁለቱ የምረዳው፣ ሰውን የሚያስቆመው ክፋት ሳይሆን ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚፈለግበት አለማወቁ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ድምፁን አውጥቶ ለአንድ ሰው አንድ ሥራ ሲሰጥ ድግምቱ ይፈታል። «ኧረ አንድ ሰው ይደውል!» ብሎ ወደ ሕዝቡ መጮህ ጥቅሙ ትንሽ ነው። «አንተ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ አሁን ደውል፤ ከደወልክ በኋላም ለእኔ ንገረኝ» ማለት ግን ሥራው ስልሳ ቦታ እንዳይበተን ያደርገዋል። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ አንድ ብቻ ነውና።

ሦስተኛ ፎቅ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። እኔ ከሚቀርጹት አንዱ ነበርኩ፤ በእርስዎ ቤት ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት ከመኖሪያችን ትይዩ በነበረ ሕንፃ ላይ በተነሣ እሳት።

መስኮቴን ከፍቼ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረጽኩ። በሰዓቱ ጠቃሚ ነገር የምሠራ መስሎኝ ነበር። አንዲት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ምስሉን አቅርቤ፣ ፊቷ ሳይሸፈን፣ ቀርጬ ለጎረቤቶች የመልእክት ቡድን ላክሁት፤ ከእኔ የተቀበሉትም ለሌላ አስተላለፉት። የሴትዮዋ ልጅ በሌላ ከተማ ትማር ነበር። ስልኳን ስትከፍት ያየችው የቤታቸውን በር፣ ከዚያም የእናቷን ፊት ነው። ማንም ሳይነግራት፣ ማንም አጠገቧ ሳይኖር። እናትየዋ ድናለች፤ ልጅቷ ግን ያንን ለማወቅ አራት ሰዓት ያህል ፈጅቶባታል፤ በዚያ አራት ሰዓት ውስጥ እናቷ የሞተች ነበረች።

ልጅቷ ኋላ በራችንን አንኳኩታ ነው ይህን የነገረችኝ። አልጮኸችብኝም። «ሲቀርጹ ምን እያሰቡ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። መምህርቷ የጻፉትን ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ስልኩ በእጄ ስለ ነበር አንድ ነገር እያደረግሁ እንዳለሁ ይሰማኝ ነበር፤ ባልቀርጽ ኖሮ ምናልባት እጄ ባዶ መሆኑ ያሳፍረኝ ነበር። በዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ለመደወል አልተጠቀምኩበትም።

አወያይ

ሁላችሁም በእርጋታ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፤ ትናንት አንድ አባል የእሳት አደጋ ቪዲዮ እዚህ ለጥፎ ነበር፤ የሰው ፊትና የቤት ቁጥር ስለሚታይበት አንሥቼዋለሁ። እባካችሁ አትለጥፉ።

ጡረተኛው እሳት አጥፊ

ሦስተኛ ፎቅ፣ ድፍረትዎን አከብራለሁ። ነገር ግን ቪዲዮ ሁሉ ክፉ ነው ብለን እንዳንጨርስ። የእሳቱን መነሻ የሚመረምሩ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት እኛ ከመድረሳችን በፊት የሆነውን ነው፤ ነበልባሉ መጀመሪያ በየትኛው መስኮት እንደ ወጣ፣ ጢሱ ጥቁር ይሁን ነጭ፣ የትኛው በር ተከፍቶ እንደ ነበር። እኛ ስንደርስ ይህ ሁሉ ተለዋውጧል። ስለዚህ የደወለና ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ከሩቅ ሆኖ የቤቱን አቋም ለግማሽ ደቂቃ ቢቀርጽና ለመርማሪ ብቻ ቢሰጥ ይጠቅመናል። ሰው በቃሬዛ ሲወጣ መቅረጽ ግን ለማንም አይጠቅምም።

የሕግ ተማሪ

በሕግ በኩል ያለውን በአጭሩ ላክል። ጀርመን ውስጥ በአደጋ ጊዜ የሚረዳን ሰው ማደናቀፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የሞተን ሰው ክብሩን በሚነካ መንገድ መቅረጽ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። በሐምሌ 2017 በዚያው አገር ሚውንሽቤርግ በተባለች ከተማ አቅራቢያ አንድ አውቶቡስ በአውራ ጎዳና ላይ ተቃጥሎ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከፊት የነበሩ መኪኖች ለአዳኞቹ መንገድ ባለመክፈታቸው ብዙ ቁጣ ተነሥቶ ነበር። ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ሕንፃ በሰኔ 2017 በተነሣው፣ 72 ሰዎች ባለቁበት እሳት ጊዜ ደግሞ የአንድ ሟች አስከሬን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ያሰራጨ ሰው ሦስት ወር ተፈርዶበታል። ቆሞ በማየቱ ብቻ ግን ሰው መቀጣት ያለበት አይመስለኝም።

የሌሊት ነርስ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ቤቱ ሰዎችና ስለ አዳኞቹ ነው፤ ስለ ተመልካቹ ራሱ የተናገረ የለም። እኔ በድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ የምቀበላቸው ቁስለኞች ሁልጊዜ የቤቱ ሰዎች አይደሉም። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል፤ እሳቱን ያየውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ አይለይም።

በታሪክ ከተመዘገቡት ታላላቅ ፍንዳታዎች መካከል አንዳንዶቹ ብዙ ሰው የጎዱት ሰዎች እሳት ሊያዩ ተሰብስበው ሳለ ስለ ደረሱ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 6 ቀን 1917 በካናዳዋ ሃሊፋክስ ወደብ ፈንጂ የጫነችው ሞን ብላን የተባለች መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በእሳት ተያያዘች። ለሃያ ደቂቃ ያህል ነደደች፤ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ሕዝቡ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ፣ ሠራተኞችና ልጆች በየመስኮቱ ቆመው ያዩ ጀመር። ስትፈነዳ ከ1,700 በላይ ሰው ሞተ፤ በመስኮት ያዩ ከነበሩት መካከል ደግሞ ብዙዎች በመስተዋት ስብርባሪ ዐይናቸውን አጡ። ሚያዝያ 16 ቀን 1947 በአሜሪካዋ ቴክሳስ ሲቲ የማዳበሪያ ኬሚካል የጫነች መርከብ ስትነድ የጢሱ ቀለም ብርቱካናማና እንግዳ ስለ ነበር ሕዝቡ ሊያየው ወደ ወደቡ ሄደ፤ የሞተው ቢያንስ 581 ሰው ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1973 በአሪዞናዋ ኪንግማን የጋዝ ባቡር ፉርጎ ሲፈነዳ 11 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ፤ ወደ 300 ሜትር ርቆ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ቆመው ያዩ ከነበሩት ደግሞ ከ90 በላይ ሰዎች ተቃጠሉ።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱም «አሁን ልሞት ነው» ብሎ አልቆመም። ሁሉም በቂ ርቀት ላይ ያለ መስሎት ነበር። በቃጠሎ የቆሰለ ሰው ፋሻ ስቀይር ደጋግመው የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው፤ «ሩቅ ነበርኩ እኮ» ይሉኛል።

ጀማሪ አባል

ይቅርታ፣ ታዲያ ስንት ሜትር ነው በቂ?

የጋዝ ቴክኒሺያን

አንድ ቁጥር ብሰጥዎ ላሳስትዎ እችላለሁ፤ ርቀቱ የሚወሰነው በሚነደው ነገር ነው። ለሕንፃ ግን የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚከተሉት መለኪያ አለ፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ቢወድቅ የሚደርስበትን ከግማሽ ጋር፣ ማለትም የሕንፃውን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቀው ይቆማሉ። አሥር ሜትር ቁመት ላለው ሕንፃ ቢያንስ አሥራ አምስት ሜትር ማለት ነው። ይህ ግን ጢሱንና የሚወረወረውን ነገር አይጨምርም። ጢስ በሚሄድበት አቅጣጫ መቆም አይገባም፤ የሶፋ ስፖንጅና ፕላስቲክ ሲቃጠሉ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሲያናይድ ይወጣል፤ በቤት ቃጠሎ ብዙ ሰው የሚገድለውም ከነበልባሉ ይልቅ ጢሱ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከወደቀ ደግሞ ምንም እሳት ባይታይበትም ቢያንስ አሥር ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ራሱ፣ በተለይ እርጥብ ከሆነ፣ ሊይዝ ይችላልና።

የምፈራው ግን የጋዝ ሲሊንደር ነው። ውስጡ ያለው ጋዝ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ፕሮፔን ወደ አየርነት ሲለወጥ 270 ጊዜ ያህል ይሰፋል። እሳት ሲነካው ግፊቱ ስለሚጨምር በላዩ ያለው የደኅንነት ቀዳዳ ይከፈትና ጋዙ እያፏጨ ይወጣል፤ ፉጨቱ ነበልባል ሆኖም ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፉጨቱን ሲሰማ ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ ፊት በመሄዱ ነው። ፉጨቱ እየጮኸ ከሄደ ከውስጥ የሚመነጨው ጋዝ ቀዳዳው ከሚያስወጣው በልጧል ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ የሲሊንደሩ የላይኛው ብረት በሙቀት ከለዘበ ይቀደዳል፣ ቁራጩም ከአንድ መቶ ሜትር በላይ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው አይቅረጽ፣ አይጠይቅ፤ ልጁን ይዞ ጠንካራ ግድግዳ ጀርባ ይሂድ። ከመስኮትም ይራቅ።

ከግቢው ማዶ

እኔ ግን አንድ ነገር ከብዶኛል። ሁላችሁም «ራቅ» ትላላችሁ። የጎረቤቴ ልጆች ውስጥ ሆነው እየጮኹ ከሆነ ልርቅ ነው? በሩን ሰብሬ ባልገባ፣ መስኮቱን ሰብሬ አየር ባልሰጣቸው ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም።

ጡረተኛው እሳት አጥፊ

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጎረቤት ቢሆነኝ ደስ ይለኛል። ራቅ አልልዎትም። እንዴት እንደሚቀርቡ ግን ልንገርዎ።

መስኮት መስበር አየር የሚሰጠው ለልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ለእሳቱም ነው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ እሳት ብዙ ጊዜ አየር አጥሮት ደክሞ ይጠብቃል፤ መስኮት ሲሰበር ወይም በር ተበርግዶ ሲቀር በዚያ በኩል ነፋስ ይገባለትና በሰከንዶች ውስጥ ይነሣል፤ ሰዎቹ ያሉበት መንገድ ላይ ከሆነም በእነሱ በኩል ያልፋል። በሩ ጫፍ ላይ ጢስ እየተነፈሰ ወደ ውስጥ ሲሳብ ካዩ፣ መስተዋቱ ውስጡን ጠቁሮ ነበልባል ግን የማይታይ ከሆነ፣ በምንም ዓይነት አይክፈቱት። በሩን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ከጋለ ከኋላው እሳት አለ።

ልጆቹ መስኮት ላይ ቆመው የሚታዩዎ ከሆነ ግን ብዙ መሥራት ይችላሉ። ያሉበትን ክፍል በር እንዲዘጉ ጮኸው ይንገሯቸው። አንድ ተራ የእንጨት በር ተዘግቶ ሲቆይ ከበሩ ወዲያ የሚገድል ሙቀት እያለ ከወዲህ ሰው ሊኖርበት የሚችል አየር ለደቂቃዎች ይቆያል፤ ይህን በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ ኮሪደሩ ከሰል ሆኖ ክፍሉ ውስጥ የግድግዳው ቀለም እንኳ ሳይለወጥ። በበሩ ሥር ልብስ እንዲወትፉ፣ ዝቅ እንዲሉ፣ መስኮቱ ላይ እንዲታዩ ይንገሯቸው፤ ድምፅዎን ሳያቋርጡ በስማቸው ይጥሯቸው። መሰላል ካለ ወደ መስኮቱ ያስጠጉ። እኛ ስንደርስ ጣትዎን ወደዚያ መስኮት ቀስረው ቆመው ካገኘንዎ ሌላ ነገር አንጠይቅም።

ጊዜ ደግሞ ድሮ እንደ ነበረው አይደለም። ዩ.ኤል. የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ምርምር ተቋም በዛሬ ዕቃ የተሞላ ሳሎንና በድሮ የጥጥና የእንጨት ዕቃ የተሞላ ሳሎን ጎን ለጎን አቃጥሎ ሲያወዳድር፣ የዛሬው ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠል የድሮው 29 ደቂቃ ያህል ቆይቷል። ከዚያ ቅጽበት በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ የእኛን ልብስ የለበሰ ሰው እንኳ አይኖርም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የእኛ አይደሉም፤ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። የጎረቤት ናቸው።

የሥነ ልቦና መምህርት

የመጨረሻው አንቀጽ አንድ ነገር አስታወሰኝ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ከመኖሩ በፊት የተሰበሰበው ሰው ራሱ ነበር እሳት አጥፊው፤ ከውኃው ጀምሮ እስከ ቤቱ ተሰልፎ ባልዲ ይቀባበል ነበር። ሥራው ለሠለጠኑ ሰዎች ሲሰጥ፣ መሰጠቱም ተገቢ ነው፣ ሕዝቡ እንደ ድሮው መሰብሰቡን ቀጠለ፤ ባልዲው ግን ከእጁ ወጣ። በ1834 የለንደን ፓርላማ ሲቃጠል የቴምዝ ድልድዮችና ጀልባዎች በተመልካች ተሞልተው ነበር። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ስልክ ይዘው ከሚቆሙት የከፉም የተሻሉም አይመስሉኝም። የማእዘኑ ቤት፣ ከእርስዎ ፊት የቆሙት ስልሳ ሰዎች የተሰበሰቡት ልባቸው ስለ ተነካ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራ የሰጣቸው ግን አልነበረም።

የማእዘኑ ቤት

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፤ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ። ሦስተኛ ፎቅ፣ የእርስዎ ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ረድቶኛል፤ ያቺ ልጅ በራችሁን ባታንኳኳ ኖሮ እኔ ይህን አላነብም ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የተረፈ ነገር ካለ ልይ ብዬ ወደ ቤቱ ሄጄ ነበር። እነዚያን አዛውንት ከመንገዱ ማዶ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቼ አልፌ ልሄድ ስል ተነሡና «ልጄ፣ ባለቤትሽ ደኅና ወጣ?» አሉኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሳያውቁ ኖረዋል። መውጣቱን ስነግራቸው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ።

ከዚያ እኔ ጠየቅኋቸው፤ በዚያች ሌሊት ከማን ጋር ሲነጋገሩ ነበር? ከእሳት አደጋ ጥሪ ተቀባይዋ ጋር ነበር። እሳቸውም መጀመሪያ ሌላ ሰው የደወለ መስሏቸው ጥቂት ደቂቃ ቆመው እንደ ነበር ነገሩኝ፤ ሲደውሉ ግን ስለዚህ ቤት ከእሳቸው በፊት የደወለ ሰው እንደሌለ ጥሪ ተቀባይዋ ነገረቻቸው። መስመሩን እንዳይዘጉት ለመነቻቸው። ጀርባቸውን ለእሳቱ የሰጡት ጩኸቱ ድምፅዋን እየዋጠባቸው ስለ ነበር ነው። «ስንት ሰው ውስጥ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ አላወቅሁም። አንቺን አየሁሽ፤ ልጁን አቅፈሽ ቆመሻል። መጥቼ ልጠይቅሽ አስቤ፣ እንዲህ ባለ ሰዓት እንዴት አስቸግራታለሁ ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

ቢጠይቁኝ ኖሮ እንደምነግራቸው ነገርኳቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።